ስንት ቀን ነው?

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ነፋስ መኪና ሲያንገዳግድ መሪ የምይዝ፣
በወር ሁለት ቅዳሜ ከሪዮ ግራንዴ ሰው ጭኜ የምጓዝ።
ዛሬ ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጎን፣
ኒልዳ ኦያርሶ አለች፤ በካልሲዋ ሸጉጣ የስንት ቀን ላቧን።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ፋብሪካ ከገባች፣
ትንኝ የምታህል ብሎን በመፍቻ ጫፍ እያነሣች፣
የስልክ ሆድ ስትዘጋ፣ ስትዘጋ፣ ስትዘጋ፤
አንዱን ለልጄ ልግዛ ስትል፣ እጇ አጠረ ከዋጋ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤
በእሷ እጅ ግን መዳቡ፣ ከበር እንደወጣ፣ ወርቅ ይሆናል።
እዚያው ከተማ፣ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ፣ መስታወት ውስጥ ቆሞ፣
ቁልቁል ያያታል፣ ዘመድ እንደ ረሳ ሹመኛ፣ ገና ትናንት ተሹሞ።

«ለምንድን ነው?» አልኩ፣ መንገዱ ረጅም ነውና።
ከፊት የተቀመጠው ባሲሊዮ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣
ስለ ቀረጥ አወራ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ መርከብ ኪራይ፣
«ሻጭ ሲያንስ» አለ፣ «ገዢ ነው የሚጮኸው፤ ሻጭማ ዝም ባይ።»
ጓናኮዎች ከአጥር ማዶ አንገታቸውን አስግገው ሰሙት።
ሳር ሲያልቅ ሌላ ሳር አለ፤ እነሱ ምን ቸገራቸው፣ ቢረዱት ባይረዱት።

ኒልዳ ግን፦
«እኔ በፔሶ አልለካም፤ ፔሶ ሲያድር ይቀልጣል።
እኔ የምጠይቀው፣ ይህ ዕቃ ስንት ቀን ይበላል?
ሃምቡርግ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ ኤርዊን፣ መስኮት ጠራጊው፣
ሰኞ ይጀምራል፤ ሐሙስ ማታ ስልኩ በኪሱ ነው።
እሱ አራት ቀን። እኔ ሰባ።
ብሎኑ ያው፣ መስታወቱ ያው፤
ልዩነቱ ከሰው ቀን ነው እንጂ ከዕቃው አይደለም የመጣው።»

መምህሩ ዝም አለ። እኔም ማርሽ ቀየርኩ።

ሳን ሴባስቲያን ኬላ፣ የቺሌው ፈታሽ ቦርሳዋን በረበረ፤
ፖም አገኘ። አንዴ ብቻ የተገመጠ ነበረ።
«ፍሬ አይገባም» አለና ወሰደው፣ ሳይቆጣ፣ በትሕትና።
ጥርሷ ያረፈበትን ቦታ አየሁት፣ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ሳልፍ ገና።

ከወሽመጡ ደረስን። ጥቁርና ነጭ ዶልፊኖች ጀልባችንን ተከተሉ።
ሙሴ ባሕሩን ከፈለ፤ በነፃ ተሻገሩ፣ አብረውት የነበሩ ሁሉ።
እኛ ግን ለባሕሩ ከፈልን፣ በደረሰኝ፣ በነፍስ ወከፍ፤
ድንበር እኛን ከፈለን፣ እኛ ለድንበር ከፈልን፤ በየት በኩል ይታለፍ?

ፑንታ አሬናስ፣ ነፃ ቀጠና። ስልኩ በግማሽ ዋጋ።
ሻጩ ልጅ ማስቲካ ያኝካል፤ «ጥቁሩን ወይስ ነጩን?» ይላል፣ እያዛጋ።
እሷ ዋጋውን አላየችም። ገልብጣ፣ ከታች ባሉት
ሁለት ብሎኖች ላይ ጥፍሯን አሳረፈች፤
እንደ ሐኪም ዳሰሰች።
«ደህና ጠብቋል» አለች።

ስንመለስ የእኛው ጉምሩክ ካርቶኑን ከፈተ፤
ከተፈቀደው በላይ ነው ብሎ ደመረ፣ ቀነሰ፣ አተመ፣ አስከፈለ፣ ሸኘ።
«አሁንስ?» አልኳት በመስታወቱ፣ ጨለማው ሲመጣ፤
«ስንት ቀን ሆነ?»
«ከጀልባውና ከቀረጡ ጋር፣ አርባ ሦስት» አለች።
«ፖሙ ሳይቆጠር።»
ሁሉም ሳቀ። ባሲሊዮም ሳቀ።

ከዚያ መብራት የሌለው ሜዳ መጣ፤ ነፋስ ብቻ፣ የአጥር እንጨት ብቻ።
ተኝታለች ስል፣ ካርቶኑን እንደ ጨቅላ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣
ድምፅዋን ሰማሁት፣ ለኔ ይሁን ለሌላ ሳላውቅ፦

«ይህን ያጠበቅሁት እኔ አይደለሁም።
እጄን አውቀዋለሁ፤ ይህ የሌላ ሰው እጅ ነው፤
ከባሕር ማዶ ያለች፣ ስሟን የማላውቃት፣
ልክ እንደኔ ሆድ የምትዘጋ ሴት ናት።

እሷስ?
ለእሷስ ስንት ቀን ነው?»