ስንት ዓመትህ ነው?

ሊማ ላይ ሰማዩ አይዘንብም፤ ያልበዋል።
የለበሰው ግራጫ እርጥብ ጨርቅ ይመስላል።
ከገበያው ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ካለቀበት፣
የኔ ሱቅ አለች፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው አየር የማያገኝባት።
ዊግ እሰፋለሁ፤ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ የብር ቀለም፤
በራሴ አናት ግን አንድ ዘለላ እንኳ የለም።

ቅዳሜ የአኒሜ ልጆች ደረጃውን ይሞሉታል፤
አዲስ የመጣ እንደሆን፣ ሰላም ሳይሉት ይጠይቁታል፤
«ስንት ዓመትህ ነው?»
ዕድሜውን አይደለም።
መቼ ጀመርክ ነው፤ ስንቱን አየህ ነው፤ በማን አፍ ሰማኸው ነው።

በስልክ የጀመሩት ታች ናቸው፤ ከመጀመሪያው እርከን፣
ማታ የጨረሱትን ጠዋት የሚተርኩ፣ እንባቸው ሳይደርቅ እንኳን።
ከነሱ ከፍ ብለው፣ ዩኒፎርም ሳያወልቁ
ምሳቸውን ታቅፈው ቴሌቪዥን ፊት የወደቁ፣
እስፓኝኛ አፍ በተሰፋለት ጀግና ሲስቁ
ያደጉት አሉ።
ከነሱም በላይ እኛ፣ የካሴት ሰዎች፤
የቅጂ ቅጂ፣ በረዶ የሚወርድበት ምስል ተመልካቾች፤
መብራት ሲጠፋብን በየጨለማችን
መጨረሻውን የፈጠርን ከልባችን፣
እስከ ዛሬም በዚያ የምንጣላ።
«ያኔ እኮ…» ብዬ ስጀምር ደረቴ ሲነፋ ይታወቀኛል፤
አፍራለሁ፤ ደግሞም ደስ ይለኛል።

ከሁሉ ጫፍ ኢርቪን ዋማኒ። ከኮማስ ኮረብታ። የሚኒባስ ረዳት።
ጃፓንኛን ከስክሪን ሲለቅም የኖረ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ቀን የፌርማታ ስም ሲጮህ፣ ሳንቲም ሲቆጥር ውሎ
ማታ ቃል ይቆጥራል፣ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ እግሩን ሰቅሎ።
የሚችለው የባሕር ሽፍታና የሰይፈኛ ቋንቋ ነው ይባላል፤
ቢሆንም እሱ አፉን ሲከፍት ደረጃው ዝም ይላል።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ሴኞራ ኦያዶማሪ መጣች፤
ለልጅ ልጇ ልደት አረንጓዴ ዊግ ፈልጋ፣ እያለከለከች።
ልጆቹ ፊቷን አይተው መንገድ ለቀቁ፤
ከስክሪን በተማሩት ስግደት ከወገብ ዝቅ አሉ።
«ዋናዋ መጣች» አለች አንዷ በሹክሹክታ።
«ስንት ዓመትዎ ነው?» አለ ሌላው፣ ከልማዱ፣ ሳያስብ ላፍታ።
«ስድሳ ስምንት» አለች። «ምነው?»
ደረጃው በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ሲበርድ ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች፦
ወደብ ላይ የቆመ ወጣት፤ ከጀርባው ሦስት መስመር የእጅ ጽሑፍ።
«አባቴ ነው። እኔ አላነበውም።
ልጅ ሳለሁ በዚህ ዓይኔ ትምህርት ቤት ይሣቅብኝ ነበር፤
ቋንቋውንም አልፈለግኩት፤ እሱም ይዞት ተቀበረ።
ዛሬ ደግሞ እጅ ትነሱኛላችሁ።
እናንተ ሰዎች፣ ከሁለት አንዱን ምረጡ።»

ኢርቪን እጁን በሱሪው ጠረገ።
ፎቶውን ወደ አምፖሉ፣ ወደ መስኮቱ፣ እንደገና ወደ አምፖሉ አስጠጋ።
የታተመ ፊደል ያውቃል፤ ይሄ ግን የሰው እጅ ነው፣ የሚሮጥ፣ የሚያነክስ።
እኔ ብሆን እፈጥርላት ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ፤
መብራት በጠፋ ቁጥር መጨረሻ መፍጠር ለምጃለሁ።
«‹ባሕር› የሚል አለ» አለ። «‹ብርድ› የሚል አለ።
ሌላውን… አላውቅም።»
ሃያ ሁለት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ቃል።

«ብርድ አለ?» አለች ሴኞራ። «እንግዲያስ ራሱ ነው፤
እስኪሞት ድረስ ሲያማርር የነበረው ስለ ብርድ ነው።»
ፎቶውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤
በዊጉ ተከራክራ ሁለት ሶል አስቀነሰችኝ፤ ሄደች።

ማክሰኞ ማታ የኢርቪን ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቲኬት ጀርባ የገለበጠውን
አንድ ፊደል ያያል፤ ያዞረዋል፤ ያያል።
ፌርማታዬን ሳይጠራው አለፍን።
እኔም ዝም አልኩ።