የማን ደሴት

ስሟ በእኔ ቋንቋ ጥያቄ ይመስላል፤
«የማን ደሴት?» ቢሉት ሰው ምን ይመልሳል?
ማን ነው ስሟ። ማን ደሴት። በአየርላንድ ባሕር ላይ፣
ጉም ለብሳ የምታድር፣ ሲገፈፍ የምትታይ።

በፒል ወደብ፣ ከዓሣ ማጨሻው ቤት ጀርባ፣
ብርዱ በበሩ ሥር ፉጨቱን ሲያስገባ፣
ዩዋን ከርሞድ፣ ባለ ሰማንያ አንድ፣ ጠረጴዛ ስቧል፣
ሹራቡን ሰብስቦ አምፖሉን ዝቅ አርጓል።
ከፊቱ ካርቶን አለ፤ በካርቶኑ ሥዕል
አንድ ቀይ ሞተር ብስክሌት ኩርባው ላይ ሲያጋድል፤
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አምስት መቶ፣ የጥንት፣
ድምፁ በጆሮ ሳይሆን የሚሰማ በአጥንት።
አሁን ግን አሥራ ሁለት ጊዜ አንሶ፣ ዝም ብሎ፣
በፕላስቲክ ቅርንጫፍ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሎ።

ብሪሻ፣ የልጅ ልጁ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት፣
የወረቀቱን ቁጥር መጥራት ነው ሥራ የሰጣት።
«አርባ ሦስት» ትላለች፤ በምላጭ ይቆርጣል፣
ጠባሳውን በአሸዋ ወረቀት ያሻል።
«አርባ አራት» ትላለች፤ አንድ ጠብታ ሙጫ፣
ያንድ ትንፋሽ ዝምታ እስኪያገኝ መቋጫ።
እጁ ይንቀጠቀጣል። ይኸው እጅ ነበረ ድሮ
ቫልቭ የሚያስተካክል በጨለማ፣ በጆሮ።
ዛሬ የሰሊጥ ታህል ብሎን ከእጁ ወድቃ
ሁለቱን አንበረከከች ምንጣፍ ውስጥ ተደብቃ።
ብሪሻ አገኘቻት፣ ከድመቷ ጭራ ሥር፤
አያት በሳቅ ሞተ። እንዲህ ስቆ አያውቅም ነበር
ፊንሎ ከተቀበረ።

ካርቶኑ የፊንሎ ነው። የፊንሎ ኮርሌት።
እህቱ ናት ያመጣችው በኅዳር አንድ ዕለት፤
ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ለዩዋን» ተጽፏል፤
ሌላ ቃል አልነበረም። ፊንሎ ቃል ይቆጥባል።

ስልሳ ዓመት ሆነው ያ ሰኔ፣ ያ ማለዳ፣
ጉም እንደ በግ መንጋ መንገዱ ላይ ሲነዳ፣
ፊንሎ በሦስተኛው ዙር ከኩርባው ሲወጣ
የኋላ ጎማው ዘይት ነካ፤ የድንጋይ ካቡ ወደ እሱ መጣ።
እግሩ ሦስት ቦታ ሄደ። ግልቢያው በዚያው ቀረ፤
አርባ ዓመት በዚህ ወደብ ዓሣ እያጨሰ ኖረ።
«የዘይቱ ብሎን ላይ ሽቦ ማን ነው ያላሰረ?»
ብሎ ጠይቆት አያውቅም፤ ዩዋንም እንደ ዛገ ብሎን ነበረ።
ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ ሊገዛ ይሄዳል፤ «ስንት ነው?» ይላል፤
ፊንሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ አንድ ምርቃት ያክላል።

ዛሬ ማታ ሠንሰለቱ ተያይዞ አልቋል፤
ሠላሳ ስምንት ቁጥር ከውሃው ሳህን ወጥቶ ታንኩ ላይ ደርቋል።
ብሪሻ ካርቶኑን ገልብጣ እየመታች ሳለ
ከወረቀቱ እጥፋት አንድ ነገር ዱብ አለ፤
ቁራጭ የመዳብ ሽቦ፣ ከጸጉር የቀጠነ፣
እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ በትዕግሥት የተጠነጠነ።
«ቁጥር የለውም፣ አያቴ፤ ዝርዝሩ ላይም የለም፤
ልጣለው? ፋብሪካው ነው የተሳሳተ?»
«አይደለም።»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ፤
የሻዩ ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ፈልቶ አለቀ።
መርፌ በእሳት አግሎ የብሎኗን ራስ በሳ፤
ሽቦው ሦስቴ አመለጠው፤ ሦስቴ ጎንበስ ብሎ አነሳ፤
በአራተኛው አለፈ። ጠመዘዘው፣ አጠበቀ፣
በጥፍሩ ነካ አርጎ ሞከረ፤ አልተነቃነቀ።

«ማን ያየዋል፣ አያቴ? ሆዱ ሥር ተደብቋል።»
«ማን…» አለ። አገሩን ይጥራ፣ ሰው ይጠይቅ፣ ማን ያውቃል?

ጎማዎቹ አልገቡም፤ ቀለሙ ይቀራል ገና፤
ውጭ ወደቡን ሸፍኖታል የተራራው ደመና።
ብሪሻ ጎማ አልባውን በመዳፏ ይዛ
በአፏ ሞተር ታስነሳለች፣ ዙሪያ ገባውን ጠረጴዛ።
አያት ያዳምጣል፤ ቆይቶ፣
«ቀስ» ይላል፣ «ከኩርባው ሳትወጪ
ነዳጅ አትስጪ።»