ቁጥር ሃያ አምስት

በቺያቱራ ከተማ ገደል ነው ሁሉ ነገር፣
ሰው በገመድ ይሻገራል ከሰፈር ወደ ሰፈር፤
የብረት ሣጥን፣ የዛገ ሣጥን፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ በር።
ከሥር ወንዙ ይጠቁራል ዘንድሮም እንደ አምና፣
ማዕድን ሲያጥቡበት ውሎ፣ ሌሊቱን አይጠራምና።

ጺያላ ነበር ስሟ የኬሚስትሪ መምህራችን፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ ታስተምራለች፣ ምድጃ የለው ክፍላችን።
ያን ክረምት መብራት በፈረቃ፣ ውሃ በባልዲ፣ ሙቀት በትዝታ፣
ዳቦ በሰልፍ፣ ነዳጅ በወሬ፣ ደመወዝ በይሉኝታ።

ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ፣ መጋዘን ከርሞ የወጣ፣
ከቀኝ ጥጉ አይጥ የበላው፣ ሂሊየምን ከነኒዮን ያጣ።
«ግድ የለም» ትላለች፣ «እነዚያ ከማን ይገጥማሉ?
ደጃቸውን ዘግተው የሚኖሩ፣ ቢጎድሉስ ማንን ያጎድላሉ?»

አቶምን ስንጠይቃት በመስኮቱ ላብ ላይ ነጥብ አኖረች፣
«ይህ አስኳሉ፤ ኤሌክትሮኑ ከገደሉ ማዶ ነው» አለች።
«በመካከል ያለውስ?» ስንል፣ «ባዶ። የምትደገፉት ግንብም ባዶ ነው የሚበዛው።»
ዡዡና ጀርባዋን ከግንቡ አላቀቀች፤ ሳቃችን ነው ዛሬም የሚሰማኝ፣ የማልረሳው።

አንድ ሰኞ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ፣ ድኝና የብረት ብናኝ
ቀላቀለች። «ማግኔት ላምጣ፣ እስቲ ማነው የሚያምነኝ?»
ብረቱ ጢም አብቅሎ ተነሣ፣ ቢጫው ድኝ ተኝቶ ቀረ፤
«ድብልቅ ይህ ነው፤ አብሮ ያደረ ሁሉ አልተሳሰረ።»
ሁለተኛውን በእሳት አጋየችው፤ ጋመ፣ ጤሰ፣ ጠቆረ፤
ማግኔቱ ቢጣራ ቢጣራ፣ ብረቱ ፊቱን አላዞረ።
«ይህ ውህድ ነው» አለች። ከዚያ ዝም። ደወል ተደወለ።

ያኑ ዕለት ማታ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሣጥኑ መኻል ሲደርስ፣
መብራት ጠፋ። ገመዱ ዝም። ቀረን ለጉምና ለነፋስ።
እሷ፣ እኔ፣ ዡዡና፣ ማልኻዝ፣ አሮጊቷ ማክቫላ ከነዶሮዋ፤
አንዴ ማማተብ፣ አንዴ መንግሥትን መራገም ነበር ሥራዋ።

«በሉ» አለች መምህርቷ፣ «ሠንጠረዥ በጨለማም ይነበባል። አንድ?»
«ሃይድሮጂን!»
ተራ በተራ ቀጠልን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣
ሊቲየም፣ ካርቦን፣ ኦክስጂን... እያንዳንዱ ስም ጉም እየረጨ።
ማልኻዝ ተራው ሲደርስ ዝም ይላል፤ እኛም እናልፈዋለን፤
አባቱን ሳል ጨርሶት፣ ከተቀበረ አርባ ቀን አልሞላም፤ እናውቃለን።

ሃያ ሦስት። ሃያ አራት።
ከዚያ ማንም አልተነፈሰ።
ስሙን የማያውቅ የለም፤ ዳቦአችን ነው፣ ወንዛችን፣
በትራስ ልብስ የቀረ ጥቁረት፣ የጥፍር ሥር ርስታችን።
ማክቫላ እንኳ፣ ፊደል ያልቆጠረችው፣ ማማተቧን አቆመች።

«ማንጋኒዝ» አለ ማልኻዝ።
ቀጥሎም፣ ቀስ ብሎ፣
«እሱና አባቴስ፣ መምህር፣
ድብልቅ ናቸው ወይስ ውህድ?»

ጉሙ በአንዱ መስኮት ገባ፣ በሌላው ወጣ።
«አላውቅም» አለች።
ይህን ቃል ከአፏ ሰምተን አናውቅም ነበር።
ከዚያ ተንጠራርታ የሣጥኑን ጣራ አንኳኳች፣ ሁለት ጊዜ፤
«ከዚህ በላይ ያለውን ገመድ፣ የያዘንን፣
ብረት ብቻ ይመስላችኋል?
ብረት ለብቻው ገር ነው፣ ይለመጣል።
ሃያ አምስት ገብቶበታል፣ በጥቂቱ፣
በምጣኔ፣ እንደ ጨው።»
ከየትኛው ጉድጓድ፣ በማን አካፋ እንደወጣ ግን
አልተናገረችም።

ማልኻዝ በእግሩ ጣቶች ቆሞ
መዳፉን በቀዝቃዛው ጣራ ላይ ለጠፈ።
ምን ያህል እንደቆየ እንጃ፤ መብራቱም አልመጣ።
በዘንቢሉ ውስጥ ዶሮዋ አንድ ጊዜ ተላወሰች።
«ሃያ ስድስት?» አለች ጺያላ።
ተራው የእኔ ነበር።

«ብረት» አለ እሱ።