ፀሐይ አንድ ስትል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በሩ ሲጢጥ አለ፤
የራኬብ ጫማ ነው፣ ግራው ለቀኝ የዋለ።
ቦርሳዋን አዝላ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣
የጨርቅ ጥንቸሏን ይዛ በአንድ ጆሮ፣
«አክስቴ፣ ቁርስ የለም?»

ሜልቦርን ላይ አሁን ረፋድ አራት ሆኗል፣
የአፀደ ሕፃናቱ ግቢ በጩኸት ሞልቷል።
ባሕር ዳር ግን ጨልሟል፣ ሐይቁ እንኳ ተኝቷል፤
የእናቷን የጥሩዓለምን ፊት ትራስ ውጦታል፤
አባቷ አንሙትም አፉን ከፍቶ ወድቋል።
የነቃሁት እኔ ነኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ነርስ ሆኜ
በዕረፍቴ ሳምንትም አድራለሁ ባንኜ።

መብራት አላበራሁ፣ ስልክም አልሰጠኋት፣
ዳቦ ቆረስኩና ወተት አሞቅሁላት።
«ሌሊት ነው» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «በዚህ ሰዓት ሲበላ
የሚገኝ ጉማሬ ነው፣ ሣር እየነጨ፤ ሌላ
ማንም የለም።»
ሳቀች። «እኔስ ጉማሬ ነኝ?»
«ለዛሬ ብቻ።»

ሲነጋ ምክር ዘነበ ከየጎረቤቱ፤
«ዓይን ነው» አሉ እትዬ አዛለች፣ «ጠበል ውሰዷት በጧቱ።»
ጥሩዓለም ወረቀት አላት በቀለም የተሰመረ፣
ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት፣ እንቅልፍ የተቆጠረ፤
የሁለት ዓመቱ ሚልኪያስ ወተት ደፋበት፣ ቀረ።

ራኬብ ሮዝ የላስቲክ ሰዓቷን እያገላበጠች፦
«አባዬ ዘጠኝ ነው አለ፣ አያቴ ሦስት ነው አለ፣
ሆዴ ደግሞ መክሰስ ይላል፤ ከሦስቱ ማን አታለለ?»
ማን ምን ይመልሳል? ሦስቱም ልክ ነበሩ።
ሰዓቷን ፈትቼ መስኮቱ ላይ አኖርኩ፣
በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እጇን ይዤ ወረድኩ።

ደንገል ካለበት ዳር ጋሽ እንድሪስ ታንኳውን
ከውኃ ጎትቶ አቁሟል፣ ያንጠባጥባል ጎኑን።
«ለምን ቆመ?» አለች።
«ውኃ ጠጥቶ ነው፤ ካልደረቀ ይሰምጣል፤
ዛሬ ፀሐይ ላይ ነው፣ ነገም ይቆማል፤
የጠጣው በአንድ ቀን መች ወጥቶ ያልቃል?»
ሰማሁና ዞሬ አየኋት ልጅቱን፣
የሩቅ አገር ሌሊት ያራሰው ጎኗን።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ ሰማዩ ቀላና፣
«አሁን አሥራ ሁለት፤ ትንሽ እንቆይና
ከዘንባባው በላይ ከፍ ስትል ደግሞ
አንድ ይሆናል» አልኳት። አንገቷ ተጣሞ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን ቀስራ ጠበቀች፤
«አንድ!» ብላ ጮኻ ጋሽ እንድሪስን አስደነገጠች።

ቀላል ነበር አልልም። አሥር ሰዓት ላይ
ከቆሮሶው ሰሃን ፊቷን ጣለች፣ ወይ!
ጥሩዓለም «ትተኛ» ትላለች፣ ታዝናለች፤
እኔ እቀሰቅሳለሁ፤ ልጅቷ ትነክሳለች።
ተጣላን። በሃያ ደቂቃ እንቅልፍ የተነሣ
እንደ ርስት ስንሟገት በረደብን ዓሣ።
ሚልኪያስ ግድ የለውም፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ትከሻ ላይ፣
የትም ተኝቶ ይነሣል፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ፀሐይ።

ከዘጠኝ ወደ አሥር፣ ከዚያ ወደ አሥራ አንድ…
ስድስተኛው ቀን ዘነበ፤ ተመለስን ከመንገድ።
ያን ሌሊት በዘጠኝ በሩ ተንቀሳቀሰ፤
ዳቦው ተቆረሰ።

ስምንተኛው ሌሊት፣ የዕረፍቴ መጨረሻ፣
ዘጠኝ ሲል ወጣሁ፤ የለም እግር ኮሽ ኮሻ።
ተኝታለች። ወተቱን ብቻዬን ጨለጥኩት፣
ዳቦውንም እኔው ጨረስኩት።
ለእሷ ጥቂት ጀምበር በቃት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት የጠጣ ጎን
ማን ጎትቶ አውጥቶ ያቆመው ይሆን?

በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ አደርኩ ከሕሙማን ጋር፤
ዓይኔ አሸዋ መስሎ፣ ገና ሳይነጋ፣ ልጋደም ስል ከአልጋው ዳር፣
በሩ ሲጢጥ አለ። ጫማዋ ዛሬም ግራው ለቀኝ፦
«ቶሎ በይ አክስቴ፣ አንድ ልትል ነው፤ ውሰጂኝ።»