ኅዳግ

የጁቤ ገበያ ተፈትቶ ሲበተን፣
ብር ሠሪው አርመን፣ ሐጎፕ፣ አጫወተኝ ያን ቀን፤
ሚዛኑን በጨርቅ እየጠቀለለ፣
«ያገሬ መነኮሳት እንዲህ ነበሩ» አለ፦

«ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ አንዱ፣ ብራና አልስልሶ፣
ይጀምራል አስቀድሞ የቀደሙትን ጠቅሶ።
‹ይህን ከገሌ ቀዳሁ፤ ያኛውን ግን አላመንኩ፤
እሱ በወሬ ጻፈው፤ እኔ በዓይኔ ተመለከትኩ።›
ደግሞ ይዘልፈዋል፦ ‹ለጌታው አደላ፣ ለጉርሻ አጎነበሰ!›
ገጹን ስትገልጥ ታገኘዋለህ፣ የዘለፈውን ሰው ቃል
ከነነቁጡ ገልብጦ፣ ስሙን ሳያነሣ፣ እንደ ራሱ አፈሰሰ።»

ሣቅሁ። ኋላ ግን ገባኝ፤ ሐጎፕ መጽሐፍ የለው፤
ከአያቱ ነው የሰማ፤ አያቱስ ከማን ነው?
ስለ ምስክር ያስተማረኝ፣
ያለ ምስክር ነው የነገረኝ።
ይሁን፤ እንዳለ ጻፍኩት፤ ዳር ላይ «ሰምቼ» አልኩ።

ያን ሰሞን እኔ፣ በእንዶድ በር ጊዮርጊስ፣
የደብሩን ዜና ጻፍ ተብዬ፣ ከዕቃ ቤቱ ሣጥን ሥር ሳስስ፣
ሁለት ቃል አገኘሁ ስለ አንድ ቃጠሎ።

አንደኛው ያለቃ ድንበሩ ነው፤ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ ጽሕፈቱ ተውቦ፤
ለፊታውራሪ መርድ በቅሎ አራት ቅጠል መድቦ፣
ለእሳቱ አንድ መስመር፦ «በጥር፣ መብረቅ ወርዶ ደብሩን በላው።»
በጥር! ጮቄ ራሱ ደመና ተበድሮ በማያገኝበት ወር፣
መብረቁን ከየት አመጣው?

ሁለተኛው ከወንጌሉ ኅዳግ፣ ከሉቃስ ማለቂያ፣
ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደ የሚመስል፣ ለዓይን ማድከሚያ፦
«መብረቅ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ እስከ ዓባይ።
እሳቱን በእጅ አመጡት። ያመጣውም . . .»
ከዚህ በኋላ ብራናው ተፍቋል፤ ለፀሐይ ብይዘው፣
የቢላዋ ጭረት እንጂ ስም የለም የሚታይ።

ፈረድኩ። ቀለሜን በጥብጬ፦ «አለቃ ድንበሩ
በልቶ የጻፈ ነው፤ አይታመን ነገሩ፤
ያ ስም አልባ መነኩሴ ግን፣ የኅዳጉ ጌታ፣
እውነትን በቀጭን ብዕር አኖራት» ብዬ፣ ተኛሁ በደስታ።

ሌሊት ነቃሁ። በጧፍ ብርሃን ሁለቱን አስጠጋሁ።
«ጠ» የምትባል ፊደል፣ ከሦስት እግሯ መካከለኛዋ
ወደ ግራ ታነክሳለች፤ በቀዩ ጥራዝ ታነክሳለች፤
በወንጌሉም ዳር፣ በዚያች የጉንዳን መንገድ፣
ያው ታነክሳለች።

አንድ እጅ።
የናቅሁት ምንጭና ያመንኩት ምንጭ
ከአንድ የቀለም ቀንድ ጠጥተዋል።
ቀን በሸንጎ ዋሽቶ ሌሊት የተናዘዘ፣
አንዱን ቀለም ለሁለት ጌታ የበረዘ።
ስሙንስ የፋቀው ማነው? ሌላ ነው ወይስ ያው ራሱ፣
ሲሰጋ፣ ሳይነጋ?

ፍርዴን ፋቅሁት። ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን ገለበጥኩ፤
ያየሁትን «አየሁ»፣ ያላወቅሁትን «አላወቅሁም» አልኩ።

ከእኔ በኋላ የምትመጣ፣ ይህን የምታነብ፣
ዝም ብለህ አትመነኝ፤ ይህንም አስብ፦
የምጽፍበትን ብራና፣ የሰባት ፍየል ቆዳ፣
የሰጠኝ የፊታውራሪ መርድ የልጅ ልጅ ነው፤
ለፋሲካም ሙክት ልኮልኛል፤ በልቻለሁ።
ኅዳጉን፣ እንደምታየው፣
ሰፋ አድርጌ ተውኩት።