የጨው መስኮት

ቂሊንጦ፣ ሐምሌ። ከአስፋልቱ ማዶ ጭቃው ጎማ ይውጣል፤
ጥበቃው ጋሽ ሙሉሸዋ ከመታወቂያ በፊት ጫማ ላይ ያፈጣል።
«ጥረጊ፣ ልጄ፤ አቧራ አይወድም ውስጥ ያለው።»
ውስጥ ያለውን አይቶት አያውቅም።
እኔም አላየሁትም፣ ማታ ማታ የማስነሳው።

ከቀይ ወዲያ ነው አገሩ፣ ዓይን ደክሞ ከሚቀርበት፤
መነጽር አጥልቀን እንገባለን፣ ሳናየው እንዳንታወርበት።

ብርሃኑ የጋራ ነው፤ እንደ ዕቁብ በተራ ይወጣል፤
መዝገቡ እኔ እጅ ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ይመጣል።
ሰኞ የጅማው፣ የታመመ ቅጠል በጋዜጣ ይዞ፣
ማክሰኞ የአርባ ምንጩ፣ የዓሣ ቅርፊት በበረዶ አቀዝቅዞ፤
ረቡዕ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ብቻ፣ የሐዋ ሐንፈሬ።
ከሰመራ በአውቶቡስ መጣች፤ በክብሪት ቀፎ
የወንድሟን ጥርስ ይዛ፣
የጉድጓድ ውሃ ያበለዘውን፣ ቡናማ፣ እንደ ተምር ፍሬ።

«በመስታወት ነው የሚያልፈው?»
«መስታወት ለዚህ ግድግዳ ነው። መስኮቱ ጨው ነው» አልኳት።
ሳቀች። «አያቴ በግመል ጭኖ መቀሌ ድረስ ሲያወጣው፣
መስኮት መጫኑን ማን በነገረው!»

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤
እዚህ ግን ጣዕሙን ማን ጠይቆት፤ ጥራ ነው የሚባል፣
ጥራ፣ ድረቅ።
ሐምሌ ደግሞ በግድግዳ ይገባል።

መስመሩን አስተካክለን ሳንጨርስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሄደ።
ማድረቂያው ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።
በስልክ ብርሃን አየነው፤ ጠርዙ ጉም ሊያበጅ ጀምሯል።
ሐዋ ከቦርሳዋ ደረቅ ሻሽ አውጥታ ክፈፉን ሸፈነችው፤
ፊቷን አዙራ ትንፋሿን ያዘች፤
እኔም ያዝኩ።
ሁለት ሰዎች በጨለማ፣
ለአንዲት ጨው ብለው።
ሲያጥረን፣ በየተራ በር ላይ እየወጣን ተነፈስን፤
ትንፋሽም ዕቁብ ሆነ።

አሥር ተኩል ላይ ሲመለስ ከዕጣዋ የቀራት ግማሽ ሰዓት ነበር።
ባለተራው፣ የሐሮማያው ነጂብ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ
ካፖርቱን ተከናንቦ ተኝቷል።
ቀሰቀስኩት። አልነቃም።
እንደገና። ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር ይንቀሳቀሳል፤
ግን አልነቃም።

ሲነጋጋ ወረቀቱ ላይ መስመሩ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ፤
ሐዋ አንዱ ጎድጓዳ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቀረች።
ምን እንዳየች አልጠየቅኋትም።
መዝገቡን ገለጥኩ፤ በነጂብ ሰዓት አንጻር
«መብራት አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ።