ከየትኛው ሥጋ

ብሩክስ ነው የምኖረው፣ አልበርታ ሜዳ ላይ፣
ከብት ከሰው በሚበዛበት፣ ከሰፊ ሰማይ ሥር፣ ከበረዶ በላይ።
ሥራዬ ቢላ ነው፤ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚመጣ ጎድን፣
ስምንት ሰዓት ቆሞ መለያየት ነው፣ አጥንቱንና ሥጋውን።
ሁዳዴ ሲገባ ያ ሁሉ ታፋ፣ ያ ሁሉ ሽንጥ በፊቴ ያልፋል፤
እጄ ይነካዋል፣ አፌ ይርቀዋል።
ከጎኔ የምትቆመው ማሪቴስ፣ ከማኒላ የመጣችው፣
«ወተትም? እንቁላልም?» ትለኛለች፤
ራሴን ስነቀንቅ በእኔ ፈንታ ትራባለች።

በሠላሳኛው ቀን ቢላው እጄ ላይ ዞረ፣ ወለሉ ከዳኝ፤
ነርሷ ክንዴን ጠፍራ፣ ጣቴን ወግታ፣ «ግፊትህም ስኳርህም ወጥቷል» አለችኝ።
ኪኒን ሰጠችኝ። ያዝኩ። አንገቴን ደፋሁ።
እሑድ ግን ካልጋሪ ወርጄ መሪጌታ ልሳነወርቅ ዘንድ ገባሁ።

መሪጌታ በልጃቸው ምድር ቤት ይኖራሉ፤
ማሞቂያው ሥር ቅጠል ያደርቃሉ፤
በባዶ የእርጎ ዕቃ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ተልባ ለይተው ያኖራሉ፤
የዚህንም አገር ሣር ሳይንቁ፣ አንድ በአንድ ጠረኑን ያጠናሉ።
የነርሷን ወረቀት ዘቅዝቀው አዩት፤ ከዚያ አቃኑት፤
«ጠጋ በል» አሉኝና ዓይኔን በአውራ ጣታቸው ገለጡት።
«ኪኒንህን እንዳትተው። ጾም የሐኪም ጠላት አይደለም፤
ታሞ የሚበላም ሰው ጾሙን አልሻረም።»

ከዚያ የድሮውን ቃል ጀመሩ፦
«ወፍጮ የሚወቀረው እህል ሲወርድለት አይደለም፣ ሲራብ ነው፤
ኮሶም በጠገበ ሆድ ኮሶ አይሆንም፣ መራራ ብቻ ነው።
ሆድ ሲያርፍ ደም ቀስ ይላል፤ ደም ቀስ ሲል እንቅልፍ ይጠራል፤
እንቅልፉ የጠራለት ሰው፣ በሌሊት ማን እንደ ጠራው ይሰማል።

«አንተ ግን» አሉ፣ ጣታቸውን የደም ሥሬ ላይ አሳርፈው፣
«ይህ የሚሮጠው ምን አሳድዶት ነው? ከምንድን ነው የምትጾመው?»
«ከሥጋ» አልኩ።
«ከየትኛው?»

ዝም አልኩ። ማሞቂያው ብቻ አጉረመረመ፤
ያለፈው ሁሉ እንደ አዲስ ቁስል አመመ።
ወንድሜ አንዳርጌ ሌዝብሪጅ ነው፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ።
ለጭነት መኪናው ዋስ ሆኜ፣ እሱ ከስሮ፣ ባንኩ እኔን ሲከተል፣
«ወንድም የለኝም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሰባት ዓመት ኖርኩ ስሙን ሳልል።
የእናታችንን ሙት ዓመት እንኳ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ አወጣን፤
አንዲት እናት፣ ሁለት ጠበል፤ ለየብቻ ቀመስን።

«ሰማኸው?» አሉ። «የበሬውን ሥጋ ሃምሳ አምስት ቀን፤
የእናትህን ልጅ፣ ሥጋህን፣ ሰባት ዓመት። ይህን ቀኖና
ማን ጻፈልህ? የትኛው አባት? ከየትኛው ብራና?»

ተልባ ሰጡኝ፣ ጥዋት ጥዋት በውሃ የሚጠጣ።
«ሌላውን ራስህ ቀምመው፤ እሱ ከእኔ ጓዳ አይወጣ።»

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ነፋሱ በረዶውን አስፋልቱ ላይ ያንሳፍፋል፤
ባዶ ሆድ ይገርማል፤ መንገድ ያረዝማል፣ ቂም ያሳጥራል።
ደወሉን ተጫንኩ፤ ምን እንደምል ግን አላሰናዳሁም።
አንዳርጌ በካልሲ ወጣ፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ የእኔም።
በእጁ ማንኪያ ይዟል፤ ምስር ያማስል ነበር፣ ያለ ቅቤ፣ እንደኔው።
«ገና አልገደፍኩም» አለ፣ ሌላ ቃል ስላልነበረው።
«እኔም» አልኩት።
ለፋሲካ ገና አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው፣
ደጁ ላይ፣ ነፋሱ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ
ገደፍኩ፣ ያንን የሰባት ዓመቱን።
ማንኪያው ጀርባዬ ላይ ቀረ፤ ጃኬቴ እስከ ዛሬ ምስር ምስር ይላል።

ነርሷ ስትለካኝ ግፊቱ ትንሽ ወርዷል፤ ስኳሩ እንዳለ ነው።
ኪኒኑን እውጣለሁ፤ ተልባውንም። ያም ይህም ሥራው ነው።
ለመሪጌታ ደወልኩ፣ ሲመሽ፣ ስወጣ ከሥራ፤
«ቁጥሩ ይቆየን» አሉ። «እንቅልፍህስ፣ ጠራ?»